በዓይኑ ዙሪያ የቀረው ቀለበት

በሟቹ ቀኝ ዓይን ዙሪያ፣ ከላይ ቅንድቡን ከታች ጉንጩን ነክቶ የዞረ ቀጭን ቀይ ቀለበት ነበረ። የሰመመን ባለሙያው ያንን ቀለበት ያየው የቆመ ልብ ለማስነሣት በሰውየው ደረት ላይ ተጎንብሶ ሲጫን ነው። ይጫናል፣ ይቆጥራል፣ ሠላሳ ሲሞላ አየር ይሰጣል፤ እንደገና ይጫናል። ላቡ በግንባሩ ወርዶ በሟቹ አንገት ላይ ይንጠባጠባል። እንዲህ አርባ ደቂቃ ታገለ። በመጨረሻ ሲስተር ትከሻውን ይዛ «ይበቃል ወንድሜ፤ ሄዷል» አለችው። ቀና ሲል በማሽኑ ላይ ያለው መስመር እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሏል።

ሟቹ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ የስድሳ አንድ ዓመት ሰው። ከስድስት ወር በፊት የሱቁ መስኮት መስታወት ወርዶ የግራ እጁን አንጓ ቆርጦት፣ ሁለት ጣቶቹ እንደ ደረቀ እንጨት ተገትረው ቀርተው ነበር። የመጣውም የተበጠሱትን ጅማቶች ለማስቀጠል ነው። እግሩን አሞት አይደለም፣ ልቡን አሞት አይደለም። በሁለት ጣት ምክንያት በገዛ እግሩ ገብቶ በአልጋ ወጣ።

በሆስፒታሉ ውስጥ የሰመመን ባለሙያውን በስሙ የሚጠራው የለም። ሁሉም «እንቅልፌ» ይለዋል። ሰውን ሁሉ ሲያስተኛ ውሎ እሱ ራሱ ስለማይተኛ የወጣለት ቅጽል ነው። በዚያን ቀን ጠዋት ግን ተኝቶ ነበር፤ ጉዱም እዚህ ላይ ነው። ሠላሳ አንድ ሰዓት ያለ እረፍት ሠርቶ፣ ለሰዓት ሠሪው በቀኝ ክንዱ የመድኃኒት ቧንቧ ከሰካለት በኋላ፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብቶ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲያ የሚያስታውሰው የሲስተርን ጩኸት ብቻ ነው።

በሟቹ ቅጽ ላይ ግን ሌላ ነገር ተጽፎ ነበር፤ «የታካሚው ፍርሃት ስለ በረታ ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ ሙሉ ሰመመን ተሰጠው» ይላል። ከሥሩ የእሱ ፊርማ አለበት። ቀዶ ሐኪሙ፣ ሁሉም «ፕሮፌሰር» የሚሏቸው ሰው፣ ቃላቸውን ሲሰጡ ይኸንኑ አሉ። ሲስተርም ይኸንኑ ደገመች። ሁለቱም «አስተኝቶት ወጣ፤ ሰውየው ሲያስመልሰው አጠገቡ አልነበረም፤ ስንጠራው ዘግይቶ መጣ» አሉ። የተኛን ሰው ትቶ መሄድ ደግሞ የስንፍና ጉዳይ ሳይሆን የወህኒ ቤት ጉዳይ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን እሱ ራሱ «አላስተኛሁትም» ብሎ መማል አለመቻሉ ነበር። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ስንቱን ሺህ ሰው አስተኝቷል። እጁ ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ድካም ሲበዛ ያለ እሱ ሊሠራው ይችላል። አንድ ቀን ቤቱን ቆልፎ መቆለፉን ሳያስታውስ ከመንገድ ተመልሶ አይቶ የለም ወይ? ሚስቱ ያን ዕለት ራት አቅርባለት እህል አልወርድ ሲለው፣ «አንተ ነህ ወይስ አይደለህም? እሱን ብቻ ንገረኝ» አለችው። ሚስቱን ዓይኗን እያየ «አላውቅም» አላት።

በማግስቱ ጠዋት አንዲት የፖሊስ መርማሪ መጣች። አጭር፣ ወፈር ያለች፣ ጉንፋን የያዛት ሴት ነበረች። መሐረቧን በእጅጌዋ ውስጥ ሸጉጣ፣ አፍንጫዋን ስትጠርግ እንኳ ዓይኗን ከሰው እጅ ላይ አታነሣም። አስከሬኑን አይታ ነው የመጣችው። እንቅልፌን ባዶው የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ አስቀመጠችውና፣ እሱ ስለ ፊርማው ትጠይቀኛለች ብሎ ሲጠብቅ፣ ሌላ ነገር ጠየቀችው።

«ሰውን በሙሉ ማስተኛትና እጁን ብቻ ማደንዘዝ፣ ልዩነቱ ምንድን ነው? እኔ ጥርስ ከማስነቀል በቀር አላውቅም።»

«ስናስተኛው ትንፋሹንም ጉሮሮውንም እኛ እንረከበዋለን» አላት። «ስለዚህ ሆዱ ባዶ መሆን አለበት። ምግብ ካለ ተመልሶ ሳንባው ውስጥ ይገባል። እጁን ብቻ ስናደነዝዘው ግን ቁርሱን በልቶ ይመጣል፤ እያወራ ይሰፋል፤ እያወራ ይወጣል። እኔም አጠገቡ እንድቀመጥ አልገደድም። መርፌውን የሚወጉት ፕሮፌሰር ራሳቸው ናቸው።»

«ለሚሰፋው ሐኪምስ የትኛው ይሻለዋል?»

«ለጅማት ንቁ ሰው ይሻላል። ሕመሙ ይጠፋል እንጂ ጣቱ ይታዘዛል። ሰፍተው ሲያበቁ ‹ጣትህን እጠፍ፣ ዘርጋ› ይሉታል። ጅማቱን ካጠበቁት ጣቱ አይዘረጋም፤ ላላ አድርገው ከሰፉት አይታጠፍም። ያኔውኑ ፈትተው ያስተካክሉታል። የተኛ ሰው ጣቱን አያጥፍም፤ በግምት ነው የሚሰፋው።»

«ሰዓት ሠሪው ምን ተብሎ ነው የመጣው?»

«እጁ ብቻ እንደሚደነዝዝ። ከአንድ ሳምንት በፊት ተነግሮታል።»

መርማሪዋ መሐረቧን አጣጠፈች። ከዚያ መድኃኒቱ ከየት እንደ መጣ ጠየቀችው። እንቅልፌ አንገቱን ደፋ። ወተት የመሰለውን የእንቅልፍ መድኃኒት በመርፌ ሞልቶ፣ ድንገት ቢያስፈልግ ብሎ ከቧንቧው ጋር አገናኝቶ፣ ቁልፉን ዘግቶ ነበር የሄደው። ቁልፉን አዙሮ መግፋት ለማንም አያቅትም። ስለ ፊርማውም እሷ ሳትጠይቀው ተናገረ። ጠዋት ጠዋት ባዶ ቅጾች ላይ ይፈርማል። ወረፋው ሲረዝም ጊዜ ለማትረፍ ብሎ የጀመረው ልማድ ነው፤ ቅጾቹን የምትሞላው ሲስተር ናት፤ ፕሮፌሰርም ያውቃሉ፤ ማንም ተው ያለው የለም። በመሳቢያው ውስጥ አሁንም አሥራ አንድ የተፈረመባቸው ባዶ ቅጾች አሉ።

«ስለዚህ አንተ ነህ ወይስ አይደለህም?»

ያው የሚስቱ ጥያቄ ነበር። «አላውቅም» አላት። «እኔ ከሆንኩ እሰሩኝ። ካልሆንኩ ደግሞ ንገሩኝ። መሀል ላይ መቆሙን ግን አልቻልኩትም።»

«መሀል ላይ ለቆመ ሰው ሥራ አለኝ» አለች መርማሪዋ እየተነሣች። «የእናንተ ቋንቋ አይገባኝም፤ ዛሬ ተከትለኸኝ ዋልና አስተርጉምልኝ። ተጠርጣሪ አስተርጓሚ ይዤ አላውቅም፤ ቢያንስ የትም እንደማትሄድ አውቃለሁ።»

መጀመሪያ ያገኙት የፅዳት ሠራተኛዋን ነበር። ሴትየዋ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ልብስ መቀየሪያውን ልትወለውል ስትገባ እንቅልፌን ጫማውን እንዳደረገ አግዳሚው ላይ ተጋድሞ እንዳገኘችው፣ አንጀቷን ቢበላት ፎጣ እንዳለበሰችው፣ እስከ ጩኸቱ ድረስም በሩ ላይ ወንበር ስባ ባልዲዋን ይዛ ስታርፍ እሱ እንዳልወጣ ነገረቻቸው። እንቅልፌ ይህን ሲሰማ ልቡ ተነሣና ወዲያው ወረደ። ቅጹ የሚለው ሦስት ሰዓት ከአምስት ነው። አስተኝቶት በአምስት ደቂቃ ውስጥ መጥቶ ተኝቶ ይሆናል።

በኮሪደሩ ላይ የሟቹ ልጅ ተቀምጣ ነበር፤ ሃያዎቹን ያጋመሰች፣ ዓይኗ ያበጠ ልጅ። የአባቷን ኮት ጭኗ ላይ አጣጥፋ ይዛዋለች። እንቅልፌን ስታየው ማንነቱን አወቀች።

«አባዬን ያስተኛኸው አንተ ነህ?»

መርማሪዋ መሀላቸው ገብታ ልጅቷ አጠገብ ተቀመጠች። አባቷ ፈርቶ እንደ ነበር ጠየቀቻት። ልጅቷ በምሬት ፈገግ አለች። አባቷ ከመምጣቱ በፊት ጢሙን ተላጭቶ እያፏጨ ነበር፤ በልተህ ና ስለ ተባለም ሁለት እንቁላልና ዳቦ በልቶ በላዩ ሻይ ጠጥቷል። ሥራ ላይ ዓይኑ ውስጥ የሚሰካትን፣ የነሐስ ቀለበት ያላትን አጉሊ መነጽር ሳይቀር በሆስፒታሉ ጋውን ኪስ ይዟት ገብቷል።

«‹የሰውን ሰዓት አርባ ዓመት ስጠግን ኖሬ፣ የራሴ እጅ ሲጠገን ካላየሁ ምኑን ሰዓት ሠሪ ሆንኩ› ነበር ያለኝ» አለች። «ዕቃውን ሲያስረክቡኝ ግን መነጽሯ የለችም። ጠየቅሁ፤ አላየንም አሉኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ እሷን ብቻ ፈልጉልኝ።»

የፕሮፌሰሩ ቢሮ ሰፊና ፀጥ ያለ ነበር። በግድግዳው ላይ ንቁ ታካሚን ስለ መስፋት ያገኟቸው የምስክር ወረቀቶች ተደርድረዋል። ሲስተር ከወንበራቸው ኋላ ቆማ ነበር። ፕሮፌሰሩ ጥቁር ጫማ አድርገዋል፤ ማሰሪያ የለውም፤ ዝም ብሎ የሚጠለቅ ነው። ሻይ ቀርቦላቸዋል፤ ብርጭቆው ገና ከመቅረቡ ግማሽ ብቻ ነው የተሞላው። እንቅልፌ ይህን ሁሉ ለዓመታት ሲያየው የኖረ ነገር ስለ ሆነ ምንም አላሰበበትም። መርማሪዋ ግን ጫማውንም ሻዩንም እያፈራረቀች ስታይ አስተዋላት።

«በዚያ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰው ነበርን፤ ሟቹ፣ እኔና ሲስተር» አሉ ፕሮፌሰሩ ረጋ ብለው። «የእኔ ሁለት እጆች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁስሉ ውስጥ ነበሩ። ሲስተር ቁስሉን ከፍታ ይዛልኛለች። አንዳችንም የሚተርፍ እጅ አልነበረንም። መድኃኒቱን ሊሰጥ የሚችለው ስለዚህ ማን እንደ ሆነ ለእርስዎ አልነግርም።» ወደ እንቅልፌም ዞረው በሐዘኔታ አዩት። «ልጄ፣ ጥፋትህ ድካም ነው። ማንም በክፋት አያይህም።»

ይህ ርኅራኄ ከስድብ ይልቅ አቆሰለው። እኚህ ሰው ናቸው ያስተማሩት።

መርማሪዋ ቃላቸውን በጽሑፍ እንዲሰጧት ወረቀት ገፋችላቸው። ወረቀቱን ሲስተር ከመሀል አንሥታ፣ እሳቸው እየነገሯት ቁልጭ ባለ ጽሑፍ ጻፈችው። ከሥሩም በፊርማ ፈንታ ስማቸው ያለበትን ማኅተም፣ ቲተራቸውን መታችበት። መርማሪዋ ከቦርሳዋ የታሸገ ውሃ አውጥታ «ይጠጡ፣ ብዙ አስወራሁዎት» ብላ ዘረጋች። የሲስተር እጅ ቀደመ። ክዳኑን ከፍታ ፊታቸው አስቀመጠችው።

ከቢሮው ሲወጡ መርማሪዋ እንቅልፌን ትናንት የተሠራባቸው መሣሪያዎች የት እንዳሉ ጠየቀችው። ታጥበው፣ በሙቀት ተቀቅለው፣ በጨርቅ ተጠቅልለው መደርደሪያ ላይ ነበሩ። የትናንት ቀን የተጻፈበትን ጥቅል አስፈታችው። መቀሶች፣ መቆንጠጫዎች፣ መርፌ መያዣዎች። ከትንሿ መቀስ ሥር የነሐስ ቀለበት ያላት አጉሊ መነጽር ወጣች። መስታወቷ ከሙቀቱ የተነሣ ለሁለት ተሰንጥቋል።

«ይህ መሣሪያ የእናንተ ነው?» አለችው።

«አይደለም» አላት እንቅልፌ። ሲስተር ሥራ ሲያልቅ በትሪው ላይ ያለውን ብረት ሁሉ ሳታይ ሰብስባ ወደ መቀቀያ እንደምትከት ያውቃል። ሃያ ዓመት የሠራ እጅ አይመርጥም። የሚያብለጨልጭ ነገር ካገኘ ከሌላው ጋር ይከተዋል።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ስልክ ደወለ። መርማሪዋ አድምጣ ስታበቃ ለአስተርጓሚዋ ነገረችው። ሁለቱም ጅማቶች እስከ መጨረሻው ተሰፍተዋል፤ ስፌቱ እንደ ማሽን ስፌት እኩል ነው። በአንደኛው ጅማት ላይ ግን የመርፌ ቀዳዳው ሁለት ረድፍ ነው። አንድ ጊዜ ተሰፍቶ፣ ተፈትቶ፣ በአንድ ፀጉር ያህል ላላ ተደርጎ እንደገና ተሰፍቷል።

«ተርጉምልኝ እንግዲህ።»

እንቅልፌ የሚናገረው ነገር ምን እንደሚያስከትል ገብቶት ነበር። ሁለት ሌሊት ያልተኛ አእምሮው ቀስ እያለ፣ እንደ ዛገ በር ሲጥ ሲጥ እያለ ተከፈተ፤ ያየውንም ተረጎመላት።

በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም እዚያው የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ፕሮፌሰሩ ባለመደገፊያው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሲስተር እንደ ልማዷ ከኋላቸው ቆመች። የሟቹ ልጅ ኮቱን ይዛ ከበሩ አጠገብ፣ እንቅልፌ ግድግዳውን ተደግፎ። አንድ ፖሊስ በሩን ዘጋ።

«ሬሳው በዓይኑ ዙሪያ ቀለበት ነበረው» ብላ ጀመረች መርማሪዋ፤ አፍንጫዋን ጠረገች። «ሰዓት ሠሪዎች ይህችን መነጽር በእጅ አይይዟትም። በቅንድብና በጉንጭ መሀል ጨብጠው ነው የሚይዟት። የተኛ ሰው ፊቱ ይላላል፤ መነጽሯ ትወድቃለች። እንዲህ ያለ ቀለበት ለመተው ደግሞ ሰው ለረጅም ጊዜ ጠንክሮ መጨበጥ አለበት። ታዲያ ሰዓት ሠሪው በመነጽሩ ያን ያህል ጊዜ ምን ሲያይ ነበር? ጣሪያውን አይደለም። ሊያይ ይዟት የገባው የራሱን ጅማት ነው፤ ጅማቱ የሚታየው ደግሞ እጁ ከተከፈተ በኋላ ነው። እጁ የተከፈተው መቼ ነው፣ ሲስተር?»

«ሦስት ሰዓት ከሃያ» አለች ሲስተር፤ ድምፅዋ ከሩቅ የመጣ ይመስላል።

«ሦስት ሰዓት ከሃያ። ይህ ሰው» አለች ወደ እንቅልፌ እያመለከተች፣ «ከሦስት ሰዓት ከአሥር ጀምሮ ፎጣ ለብሶ ተኝቷል፤ ያለበሰችው ሴት በሩ ላይ ተቀምጣለች። ስለዚህ ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ ተኛ የተባለው ሟች ከሦስት ሰዓት ከሃያ በኋላ ነቅቶ እጁን ሲያይ ነበር። ቅጹ ይዋሻል። ባዶ ቅጽ ላይ የፈረመ ሰው ቅጹ ቢዋሽበት ማን ላይ ይፈርዳል፣ እሱ ራሱ ይመልስ። ሰውየውን ያስተኛው ግን እሱ አይደለም።»

እንቅልፌ ከተደገፈው ግድግዳ ቀና አለ። ልጅቷ አየችው፤ ከዚያ ዓይኗን መለሰች።

«ሁለተኛው ነገር፣ አንዱ ጅማት ተሰፍቶ ተፈትቶ እንደገና ተሰፍቷል። የተኛ ሰው ጣቱ አይታጠፍምና ስፌቱ መጥበቁን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ሰውየው ነቅቶ ጣቱን አጥፏል። ሁለቱም ጅማቶች እስኪሰፉ ድረስም ነቅቶ ነበር። የተኛው ከዚያ በኋላ ነው።»

ፕሮፌሰሩ በትዕግሥት ሰሟት። «ምናልባት ስለ ሰዓቱ ተሳስተን ይሆናል» አሉ። «ግን ዋናው ነገር አልተለወጠም። ሁለት እጆቼ ቁስሉ ውስጥ ነበሩ። የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

«እኔም እሱን ነው መጠየቅ የምፈልገው» አለች መርማሪዋ። ከቦርሳዋ ነጭ ጨርቅ አወጣች፤ በትሪ ላይ ዘረጋችው። በላዩ ላይ መርፌ መያዣ፣ ጠማማ መርፌና እንደ ፀጉር የቀጠነ ክር አስቀመጠች። «ፕሮፌሰር፣ አንድ ስፌት ብቻ። እዚህ ጨርቅ ላይ። ከዚያ ይቅርታ ጠይቄዎት እሄዳለሁ።»

ፕሮፌሰሩ ትሪውን አዩት። እጃቸውን ከኪሳቸው አላወጡም። አንድ ደቂቃ ያህል ሆነ። በዚያን ጊዜ ከኋላቸው፣ ማንም ሳይጠራት፣ የሲስተር እጅ ወደ ትሪው ተዘረጋ። መርፌ መያዣውን አነሣችው፤ ጣቶቿ ቦታቸውን ያዙ። ከዚያ ያደረገችውን አየችና እጇ አየር ላይ ደርቆ ቀረ።

«ይህ ከጀመረ ስንት ጊዜ ሆነው?» አለቻት መርማሪዋ በለሆሳስ።

ሲስተር መሣሪያውን መልሳ አስቀመጠች። እንባዋ ያለ ድምፅ ወረደ። «ሁለት ዓመት» አለች። «እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ማንም አላወቀም። እኔ አወቅሁ። ከዚያ ጀምሮ እሳቸው ይነግሩኛል፣ እኔ እሰፋለሁ። በታካሚውና በእጁ መሀል ሁልጊዜ መጋረጃ አለ፤ ማንም አያይም። ጫማቸውን ማሰሪያ የሌለው የገዛሁላቸው እኔ ነኝ። ሻያቸውን እኔ ነኝ የምቀዳው። የዚያን ቀን ቅጹንም እሳቸው እየነገሩኝ የሞላሁት እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ከበሩ አጠገብ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት መጣች። «አባዬ ምን አደረጋችሁ?»

«ምንም» አለች ሲስተር። «መጀመሪያ ጣትህን እጠፍ፣ ዘርጋ ስንለው ጠብቆ አልዘረጋ አለ። ፈትቼ አላላሁት። ሁለተኛ ሲሞክር ታጥፎ ተዘረጋለት። ደስ ብሎት በነፃው እጁ መጋረጃውን ሳበው። መነጽሩን ዓይኑ ውስጥ ሰክቶ ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆየ፤ ሁለተኛውን ጅማት እስክጨርስ አየኝ። ከዚያ ፕሮፌሰርን ቀና ብሎ አያቸው፤ እጃቸውን አጣምረው ቆመው ነበር። ‹አርባ ዓመት እጅ ሳይ ኖሬያለሁ፤ የሰፋኝ እጅ የእርስዎ አይደለም› አላቸው። ወደ እኔ ዞሮ ‹ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። ከዚህ ስወጣ ይህ የማን እጅ ሥራ እንደ ሆነ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ› አለኝ።»

ልቅሶዋ አቋረጣት። «ሊያመሰግነኝ ነው። እያመሰገነኝ ነበር።»

ፕሮፌሰሩ ለመጀመሪያ ጊዜ እጆቻቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ጉልበታቸው ላይ አሳረፏቸው፤ ሁለቱም እንደ ታሰረች ወፍ ይርገበገባሉ። መርፌ ለመስፋት የማይንቀጠቀጥ እጅ ያስፈልጋል። ቁልፍ አዙሮ መድኃኒት ለመግፋት ግን አያስፈልግም።

«ለአምስት ደቂቃ ዝም እንዲል ነበር የፈለግሁት» አሉ። «እሷ ቁስሉን እስክትዘጋ። ሲነቃ ሕልም ነው ብዬ ላሳምነው። የተኙ ሰዎች ብዙ ነገር ያያሉ።»

«ቁርሱን በልቶ ነበር» አለ እንቅልፌ። በሁለት ቀን ውስጥ ለፕሮፌሰሩ የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ነበር። «ያውቁ ነበር። ንቁ የሚሰፉት ሁሉ በልተው ነው የሚመጡት። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ፖሊሱ የፕሮፌሰሩን ክንድ ይዞ ሲያስነሣቸው፣ የሲስተር እጅ ከልማድ የተነሣ ወንበሩን ከኋላቸው ሳበላቸው። ከዚያ እሷም ተከትላቸው ወጣች።

ልጅቷ ሳትሄድ ቀረች። የተሰነጠቀችውን መነጽር ከመርማሪዋ ተቀብላ በኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተቻት። እንቅልፌ ፊት መጥታ ቆመች።

«መርፌውን ማን ነው የሞላው?» አለችው።

ይህን ያስታውሳል፤ መዋሸትም መሸሽም ይችል ነበር፤ ክሱ ላይ ስሙ የለም። «እኔ ነኝ» አላት። «ሞልቼ፣ አገናኝቼ፣ ትቼው ሄጄ ተኛሁ። ባዶው ወረቀት ላይ የፈረምኩትም እኔ ነኝ።»

ትሰድበኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ስድቡን ፈልጎትም ነበር። እሷ ግን ሌላ ነገር ጠየቀችው።

«እጁ ቢድን ኖሮ፣ ሰዓት ይፈታ ነበር?»

«ይፈታ ነበር» አላት። «ጥሩ ተሰፍቶለት ነበር።»

ራሷን ነቅንቃ ኮቱን ደረቷ ላይ አስጠግታ ወጣች።

እንቅልፌ አሥራ አንዱን ቅጾች ከመሳቢያው አውጥቶ ለመርማሪዋ ሰጣት። እሷም አንድ በአንድ አይታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው። «ይህ ለእኔ የክስ ጉዳይ አይደለም፤ የሥራ ፈቃድህን ለሚሰጡት ሰዎች ግን እልከዋለሁ» አለችው። እሱም ይላኩት አላት። በሩ ላይ ስትደርስ ዞራ፣ ቤትህ ሂድና ተኛ አለችው። አዎ አላት።

አልሄደም። የሰመመን ባለሙያ የሚቀመጥባትን ክብ በርጩማ ከጥጉ ጎትቶ በባዶው አልጋ ራስጌ አስቀመጣት። የሰዓት ሠሪው ራስ በነበረበት ቦታ አጠገብ፣ ከትናንት በስቲያ ሦስት ሰዓት ላይ ባይገደድም መቀመጥ በነበረበት ቦታ ላይ ተቀመጠ። የፅዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ይዛ ገባች። አየችው። ወለሉን በእግሮቹ ዙሪያ ወልውላ ወጣች።